አባ ማን እንበልህ?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም። ከመናኸሪያው ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚና ከአሥር የማያንሱ ልጆች አሉ። መስኮቱ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ፀሐይ ከገባች ጨዋታው አይታይም። ጆይስቲክ የያዙት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት ተራ ጠባቂ፣ አሠልጣኝ፣ ዳኛና ተሳዳቢ ሆነው ተደርድረዋል።

«አንተ ማን ነህ?» ይላል ገና የገባው።

«ሲቲ ነኝ።»

«እሱስ?»

«አርሴናል ነው።»

«ሲቲን ይዤ እየተጫወትኩ ነው» የሚል የለም። ግብ ሲቆጠርበት «ገባብኝ» ይላል፤ ተጫዋቹ ተጠልፎ ሲወድቅ «መታኝ! ዳኛ የለም እንዴ?» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል። የወደቀው ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን የሚያሸው ግን ልጁ ነው።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በሩን ገፋ አደረጉ። ጋቢ ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ስንቅ ይዘዋል። ከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚማረው የልጅ ልጃቸው እንጀራና ድርቆሽ ሊያደርሱ ከገጠር መምጣታቸው ነው። «ማን ነው የመታህ?» አሉ ደንግጠው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁ አያቱን አየ፣ ጓደኞቹን አየ፣ እጁ ቀዘቀዘ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቲ ላይ ሁለት ግብ ገባበት።

ሽማግሌው ሳያውቁ የሰበሩት ነገር የኦንላይን ጌም ተጫዋቾች አብዝተው የሚሳሱለት ነገር ነው። በተለይ የሚና ጨዋታ የሚባሉትን፣ ማለትም አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ለወራትና ለዓመታት በእሱ ስም የሚኖሩባቸውን ጨዋታዎች የሚወዱ ሰዎች፣ ይህ ነገር ከተነካባቸው ጨዋታውን ጥለው እስከ መውጣት ይደርሳሉ። እንግሊዝኛው ለዚህ ነገር «ኢመርሽን» የሚለውን ቃል የወሰደው ከውኃ ነው፤ መጥለቅ፣ መነከር እንደ ማለት። አሜሪካዊቷ ምሁር ጃኔት መሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን ያስረዱት ዋናን ምሳሌ አድርገው ነበር፤ ውኃ አየርን ተክቶ ሰውነትን በሙሉ እንደሚከብ፣ ሌላ ዓለምም ልብን በሙሉ ይከብባል።

አማርኛ የራሱ ቃል አለው፤ ተመስጦ። ግዕዙ «መሠጠ» ነጠቀ ማለት ነው። በግ የሚነጥቀው ተኵላና ወደ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀው ጳውሎስ በዚሁ አንድ ግስ ይነገርላቸዋል። ዋናተኛ ልብሱን አውልቆ፣ ወዶ ነው የሚገባ። የተመሰጠ ሰው ግን ወሳጅ አለው።

ጎጃሜ ይህን ለመረዳት ጌም አያስፈልገውም። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነ የቅኔ ቤቶች ናቸው፤ ሁለቱም የጎጃም ናቸው። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል ወይም በሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ይጠሩታል፤ አይሰማም። ዝናብ ይመጣበታል፤ ደበሎውን መጎተት ይረሳል። አገሬው እንዲህ ያለውን ተማሪ ሲያይ ዞር ብሎ ያልፋል እንጂ «ምን ሆነሃል?» ብሎ አይጠይቀውም። ተመስጦ ባለቤቱ ብቻውን የሚሠራው ነገር አይደለም። ዙሪያው ያለው ሰውም ይጠብቅለታል።

ብዙ ሰው ተመስጦን የሚያመጣው የሥዕሉ ጥራት ይመስለዋል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾው የተባለ ተማሪ የጀመረውና ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል የቀጠለበት «መድ» የተሰኘው ጨዋታ አንድም ሥዕል አልነበረውም። ጥቁር ስክሪን፣ በላዩም ጽሑፍ፤ እዚህ መንገድ አለ፣ እዚያ በር አለ፣ እገሌ የሚባል ሰው ገብቷል። ከዚያ በኋላ ለመጡት ለአብዛኞቹ የኦንላይን የሚና ጨዋታዎች አያታቸው ይህ ነው። ማታ ምድጃ ዳር ተረት የሰማ ሰው አይገርመውም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ተራቹ አፉን ይዘጋል። ጅቡና አህያዋ የሚታዩት መልሱ ሲሰጥ ነው።

ኒክ ዪ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ሦስት ሺህ ያህል ተጫዋቾችን ጠይቀው ለምን እንደሚጫወቱ ከፋፍለው ነበር። አንዱ ወገን ማደግና ማሸነፍ ይፈልጋል፤ ሌላው ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው ወገን የተመስጦ ነው። እነዚህ ያልታየ ቦታ ማየት፣ ገጸ ባሕርያቸውን ማልበስና ማስጌጥ፣ በእሱ ሚና መናገር፣ ከዕለት ጭንቀትም ለጥቂት ሰዓት ዘወር ማለት ይሻሉ። አንድ ሰው ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። ሦስተኞቹ ግን በቀላሉ ይከፋሉ። ምክንያቱም የእነሱን ደስታ አንድ ባለጌ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያጠፋው ይችላል።

ፍኖተ ሰላም ላይ የዚህ ዓይነቱን ጨዋታ ዋናውን ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 የወጣውና በ2010 የደንበኞቹ ቁጥር 12 ሚሊዮን የደረሰው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጥሩ ኮምፒዩተር፣ የማይቆራረጥ ኔትወርክና በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሒሳብ ይጠይቃል። የምዕራብ ጎጃም ልጅ የሚያገኘው ስልኩ ላይ ያለውን ነው፤ ሃምሳ ሰው አንድ ደሴት ላይ የሚወርድበትን ፍሪ ፋየር፣ መቶ ሰው የሚወርድበትን ፐብጂ። እነዚህ የተኩስ ጨዋታዎች ናቸው፤ ሚናቸው ስስ ነው። ሆኖም የሚጀምሩት እንደ ትልልቆቹ በአንድ ጥያቄ ነው፤ ስምህ ማን ይሁን?

ስለዚህ ጥያቄ የሚበልጠውን የሚያውቁት ስንቅ የያዙት ሽማግሌ ናቸው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የፈረስ ስምን ግን መልአክ አያወጣውም፤ ባለቤቱ ራሱ ለፈረሱ ያወጣና በፈረሱ ይጠራበታል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ነበሩ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ጣልያንን ያስጨነቀው በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ነው። ልብ ብሎ ለሰማቸው አብዛኞቹ ስም ከመሆናቸው በፊት ትእዛዝ ናቸው። ታጠቅ! ቃኘው! ጠቅል! ኮስትር! ትእዛዙ ለፈረሱ ይምሰል እንጂ ዕድሜውን ሙሉ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። በላይ ተብሎ የተጠራ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ አባ ኮስትር ተብሎ የተጠራ ግን መኮሳተር አለበት።

እኒሁ ኒክ ዪ ከጄረሚ ቤይለንሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ከዚህ ጋር ይገናኛል። ሰዎችን ኮምፒዩተር በፈጠረው ዓለም ውስጥ አስገብተው ለአንዳንዱ ረጅም፣ ለአንዳንዱ አጭር ገላ ሰጧቸው፤ ከዚያ ገንዘብ ተደራደሩ አሏቸው። ረጅም ገላ የደረሳቸው በድርድሩ ጠንከር አሉ። የራሳቸው ቁመት አልተለወጠም። የለበሱት ገላ ግን እንደ ፈረስ ስም አዘዛቸው።

በገጠር ሰርግ ላይ ይህን በቅርብ ማየት ይቻላል። ጠላው ደርሷል፤ ሽለላው ተጀምሯል። ጠዋት በሬ ሲያሳድድ የነበረ፣ የማዳበሪያ ዕዳው ያልተከፈለ፣ ከሚስቱ ጋር በጨው የተጣላ አንድ ጎልማሳ ድንገት «ዘራፍ!» ብሎ ብድግ ይላል። ጋቢውን ወደ ኋላ ይወረውራል። ዱላው ጠመንጃ ሆነ፤ ዳሱ ጦር ሜዳ ሆነ። አንድ ርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፤ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የፈረሳቸውን ስም ይጠራል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። አንዱ ሮጦ ወገቡን ይይዘዋል፣ ሌላው «ተው፣ በዛብህ!» ይለዋል። የሚይዘው ባይኖር ይኼ ሰውዬ ምን ያደርግ ነበር? «ያዙኝ ልቀቁኝ» የሚለው አነጋገር መሳለቂያ ሆኖ የቀረው ከዚህ ነው፤ ያዢ ሳይኖረው የሚፎክር ሰው ያስቃልና። ያዢው የጨዋታው ግማሽ ነው። «አምነንሃል፤ ሰው ልትገድል ነው» እያለው ነው።

አሁን ከዳሱ ጥግ አንዱ ሰካራም «ኧረ ባለፈው ጅብ ሲመጣ ዛፍ ላይ ያደርከው አንተ አይደለህም?» ቢልስ? እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሰካራሙን ጎትተው ያወጡታል። ጌም ውስጥም እንዲሁ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሚና ለሚጫወቱ ብቻ የለያቸው ሰርቨሮች ነበሩት፤ ስለ ስም የወጣው ደንብ እዚያ ይጠብቅ ነበር። በዘንዶና በጠንቋይ ዓለም መሐል የአንድ ኳስ ተጫዋች ወይም የአንድ ዘፋኝ ስም ይዞ የሚዞር ሰው ሊከሰስና ስሙን እንዲቀይር ሊገደድ ይችል ነበር። በሌሎች የሚና ሰርቨሮችም ከገጸ ባሕርይ ወጥቶ ስለ ሰፈር ወሬ ማውራት ያስቀጣል። ለውጪ ሰው የልጅ ነገር ይመስላል፤ ሰካራሙን ከዳስ ላወጡት ግን ግልጽ ነው።

ያው ነገር በእውነተኛ ፈረስ ላይም አለ። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በፈረስ ትሞላለች። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋን ዘማች ፈረሶች የሚያስብበት በዓል ነው። ፈረሶቹ በቀይና በቢጫ ጥልፍ አጊጠው ይቀርባሉ። ጉግሱ ሲነሣ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ተሳዳጁ በጋሻ ይመክታል። ማንም ማንንም አይገድልም፤ ግን ማንም እየሳቀ አይጋልብም።

የዚህ ሁሉ ሌላው ፊት ጎንደር ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ በተደረገው የጥናት ጉዞ ጎንደር ሰንብተው የዛር ቤት ሥርዓት ሲመለከቱ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። ዛር የወረደበት ሰው እየተጫወተ ነው ወይስ እየኖረ? የሰጡት መልስ ከሁለት አንዱን አይመርጥም። አንዳንዱ ተጫውተውት የሚያልፉት ቴአትር ነው፣ አንዳንዱ ኖረውት የሚያልፉት፤ በሁለቱ መሐል ያለው ድንበር ደግሞ ባለቤቱም የማያየው ነው። በዛር ቤት ቋንቋ የተያዘው ሰው «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ ነው የሚጋልበው። ሲወርድበት የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ያው የጌም ቤቱ ነው፤ ማን ነህ? ስምህን ተናገር።

ፎካሪው በፈረሱ ስም ይጋልባል። ባለዛሩ ይጋለባል። ጥሩ የሚና ተጫዋች በአንድ ምሽት ሁለቱንም ይሆናል፤ ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ ተቀምጦ ልጓሙን ይይዛል፣ ደግሞ ሳያስበው «እሱ እንዲህ አይናገርም» ብሎ የራሱን ቃል ይመልሳል። የሚፈለገው ይህቺ ደቂቃ ናት።

ወላጆች የሚፈሩት ልጓሙ የጠፋበትን ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሱስን አስገብቷል። መለኪያው የተጫወቱበት ሰዓት ብዛት አይደለም። ማቆም አለመቻል፣ ሌላውን ሁሉ ከጨዋታው በታች ማድረግ፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሲዘልቅ ነው። ከፈረስ መውረድ ያቃተው ሰው ማለት ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቅዳሜን የሚያሳልፍ ልጅ ሁሉ ግን ታማሚ አይደለም፤ ይህን ለይቶ የሚያይ ወላጅ ጥቂት ነው።

ኖርዌይ ውስጥ የሆነው ደግሞ ወላጅ የማያየው ሌላ ነገር እንዳለ አሳይቷል። ማትስ ስቴን ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ ዱሼን የተባለ በሽታ ይዞት የተወለደ ልጅ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር አደገ፤ ጣቶቹ ብቻ እስኪቀሩለት ደከመ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በ25 ዓመቱ ሞተ። ወላጆቹን ከሞቱ በላይ ያሳዘናቸው ብቸኝነቱ ነበር፤ ጓደኛ ሳያገኝ፣ ሳይወደድ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ጌም ሲጫወት አለፈ ብለው አሰቡ። አባቱ የልጁን ሞት ኢንተርኔት ላይ ሲያስታውቁ ደብዳቤ መጉረፍ ጀመረ። ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ሰዎች ለቀብሩ መጡ። የሚያለቅሱት ግን ለማትስ ብቻ አልነበረም፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ለሚያውቁት ኢቤሊን ለተባለ ጠንካራ፣ አነጋገሩ የሚማርክ፣ የሰው ጭንቀት ለሚያዳምጥ ጎልማሳም ጭምር ነው። ስታርላይት የተባለው ቡድናቸው ዓመታት የተነጋገረውን ሁሉ በጽሑፍ አኑሮት ነበር። ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። ኢቤሊን ወደ ጨዋታው በገባ ቁጥር ሌላ ነገር ከመጀመሩ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ በጫካው ውስጥ ይሮጥ ነበር።

እነዚያ ጓደኞቹ «አንተ እኮ በሽተኛ ነህ» አላሉትም፤ ለብዙ ዓመት አያውቁም ነበርና። ስለዚህ ኢቤሊን ሮጠ።

ወደ ምዕራብ ጎጃም ሲመለሱ ጨዋታውን የሚሰብረው ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም። መብራት ነው፤ ኔትወርክ ነው። ሰርቨሩ ከአገር ውጭ ስለሆነ የተኮሱት ጥይት እስኪደርስ ጠላት ጥሎ ሄዷል። «ላግ አደረገብኝ» የሚለው ስሞታ ከ«ተሸነፍኩ» ይልቅ ይሰማል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። በዚያ ጊዜ ጌም የመጨረሻው ጭንቀት ነበር፤ ያም ሆኖ ልጅ ልጅ ነው፣ መጫወቱን አይተውም። ኢንተርኔት የማይፈልገው ሚኒ ሚሊሺያ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይገባበታል። ቡሬ ውስጥ አንድ ዶርም ላይ እንዲህ የተሰበሰቡ ተማሪዎች ካሉ ገዳይና ሟች አንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። ስም አውጥተው ነው የሚገቡት። እዚህ ሌላ ሕግ ይሠራል፤ የገደለህ ጓደኛህ መሆኑን እያየህ በጨዋታ ስሙ ትሰድበዋለህ እንጂ በእናቱ ስም አትሰድበውም። በገና ጨዋታ ጌታም ቢመታ አይቆጣም የተባለው ሕግ ከሜዳ ወደ አልጋ ላይ ተዛውሯል።

ቋንቋስ? ሲቪላይዜሽን በተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ክፍል ኃይለ ሥላሴን፣ በ2020 የወጣው ደግሞ ምኒልክን በአማርኛ ያናግራል። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ውስጥም ሾተል የታጠቀ የኢትዮጵያ ወታደር ሲያዝዙት የሚመልሰው በአማርኛ ነው። ዕድሜ ልኩን በባዕድ ቋንቋ ሲገድልና ሲሞት የኖረ ተጫዋች ድንገት የእናቱን ቋንቋ ሲሰማ ይደሰታል፤ ወዲያውም ጆሮው ይቆማል፣ አነባበቡን ይመዝናል፣ ከጨዋታው ይወጣል። የራስ ነገር ለተመስጦ ሁልጊዜ አይመችም። አገር ውስጥ የተሠራው የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ይህን በብልሃት አልፎታል፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ዶሮ አነባበብ አትሳሳትም። ስሙም እያንዳንዱ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የተጫወተው ድብብቆሽ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አንድ ረጅም «ኤጭ!» ተሰማ፤ ሲቲና አርሴናል ተያይዘው ሞቱ፤ አሥራ ሁለት ልጅ ዓይኑን እያሸ ወደ ውጭ ወጣ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ካለ ድንጋይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ልጁ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ስልኩን አወጣ። የቀድሞ ስልኩ ስለጠፋ ፍሪ ፋየር ላይ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው።

«ምን ይልሃል?» አሉ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው።

«ስም አምጣ ይለኛል አባባ። እዚያ የምጠራበትን።»

«ክርስትና አልተነሣህም እንዴ?»

«ሌላ ስም ነው። የተዋጊ ስም።»

ሽማግሌው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ዝም አሉ። «አባቴ ዳማ ፈረስ ነበረው» አሉ ኋላ ላይ፤ «አባ መክት ነበር የሚባል።»

ልጁ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን አቆመ። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው። ኔትወርኩ ዞረ፣ ዞረ፣ አንድ ቀይ መስመር አወጣ።

«ተይዟል ይላል አባባ። ሌላ ሰው ወስዶታል።»

«የአባቴን ፈረስ?»

«እኔ እንጃ።»

«ማን ይባላል የወሰደው? የየት አገር ሰው ነው?»

ልጁ ከስሙ ኋላ 7 ቁጥር ጨመረበትና እንደገና ተጫነው።